የምክር ዓምድ፦ ለልጄ 21ኛ ዓመት የሚቆይ የቦርዶ ወይን

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ የተወለደችው በግንቦት 2008 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጆቹ 2016 መሆኑ ነው። 21 ዓመት ሲሞላት የምንከፍተው፣ በተወለደችበት ዓመት የተመረተ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ማስቀመጥ ፈልጌያለሁ። ለሙከራ አንድ የ2016 ፖያክ (ከፈረንሳዩ የቦርዶ የወይን አገር የሚመጣ ቀይ ወይን) በ90 ዶላር ገዝቼ ለፋሲካ ከዶሮ ወጥ ጋር ከፈትነው። ምላስ የሚያደርቅ፣ ሽታው የጠፋ ነገር ሆነብን። ሰብሳቢዎች ምን አይተውበት ነው? ለዚህ ጉዳይ 1,500 ዶላር መድቤያለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሚያውቀው ሰው ላፊት የሚባለውን ስመ ጥር ቦርዶ፣ የ1982ውን፣ በ800 ዶላር ልሽጥልህ ብሎኛል። ባለቤቴ ኩሽና ካለው ቁም ሳጥን ይቀመጥ ትላለች፤ እኔ ደግሞ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ብልከውስ እላለሁ። የባለቤቴ ወንድም በበኩሉ "ወይን እንደ ወርቅ ነው፤ ሁለት ካርቶን ገዝተህ አንዱን ትሸጠዋለህ" ብሎ መክሮኛል። ምን ትላላችሁ?
አባት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦
ውድ ጠያቂያችን፣ የከፈቱት ጠርሙስ የተበላሸ አይመስለንም። ጊዜው ሳይደርስ ተከፍቶ፣ ከማይስማማው ምግብ ጋር ቀርቦ ነው።

የፖያክ ወይን ዋና ፍሬው ካበርኔ ሶቪኞን ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ምላስ የሚያደርቀው ታኒን በብዛት አለው። ወይኑ 18 ወር ገደማ በኦክ በርሜል ሲተኛ ከእንጨቱም ይጨመርበታል። የከረረ ሻይ አፍ ላይ የሚተወው ድርቀት ከዚሁ ከታኒን ወገን ነው። የሽታው መጥፋትም የታወቀ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ወይን ጠርሙስ ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የፍሬው መዓዛ ጎልቶ ይሰማል፤ ከዚያ ይዘጋል። እንደ 2016 ያለ ጠንካራ አዝመራ እስከ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱ ድረስ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። እርስዎ የከፈቱት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። በርበሬ ደግሞ የታኒኑን ድርቀትም የአልኮሉን ማቃጠልም ያጎላል፤ ዶሮ ወጥ ለዚህ ወይን ከባድ ፈተና ነው። ስብና ሥጋ ግን ታኒኑን ያለሰልሱታል። ፖያክ በወይኑ ብቻ ሳይሆን በበጉም የታወቀ አገር ነው። ሚጥሚጣና አዋዜ ያልነካው፣ የጥብስ ቅጠል የገባበት የበግ ጥብስ ቢያቀርቡለት ኖሮ ያው ጠርሙስ ሌላ ወይን በመሰለዎት ነበር።

ሰብሳቢዎች ምን አይተውበት ነው ላሉት፣ የሚያዩት ወይኑ የሚያልፍበትን ለውጥ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ታኒኑ እርስ በርሱና ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብድና ወደ ታች ይዘቅጣል። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከሥር የሚያገኙት አተላ ይኸው ነው። ስለዚህ ወይኑ ይለሰልሳል፤ ሐምራዊ የነበረው ቀለሙም ከዳር ጀምሮ ወደ ሸክላ ቀለም ያደላል። ሽታውም ከጥቁር ፍሬ ተነሥቶ ወደ ዝግባ እንጨት፣ ትምባሆ፣ ቆዳ፣ ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ይሄዳል። ይህን ሽታ በፋብሪካም ሆነ በወጣት ወይን ማግኘት አይቻልም። ዋጋው የሚወደደው አንዱ በዚህ ነው፤ ሌላው ቁጥሩ ስለማይጨምር ነው። አንድ ሰው አንድ ጠርሙስ የ2016 በከፈተ ቁጥር በዓለም ላይ የቀረው በአንድ ይቀንሳል። ቡርጎኝ በሚባለው ሌላው የፈረንሳይ የወይን አገር ውስጥ ያለው ሮማኔ ኮንቲ የሚባለው ማሳ 1.8 ሄክታር ብቻ ነው፤ በዓመት የሚወጣው ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ነው፤ ገዢው ግን ከቶኪዮ እስከ ኒውዮርክ ተሰልፏል። ስም ወዳድነትም አለበት፣ አንክድም። ላፊት የሚገዛ ሁሉ የላፊትን ጣዕም ለይቶ የሚያውቅ አይደለም።

ግን ቀይ ስለሆነና ውድ ስለሆነ ብቻ ወይን አይቆይም። በዓለም ላይ የሚጠመቀው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። የቦርዶው ካስቴል ዝዋይ ላይ ተክሎ በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው ወይን ካበርኔ ሶቪኞንና ሜርሎ አለው፤ የፍሬው ዘር ያው የቦርዶው ነው። የሚዘጋጀው ግን ለቅርብ ጊዜ መጠጥ ነው፤ አሥር ዓመት ቢያስቀምጡት ያጡታል እንጂ አያተርፉም። የሚቆይ ወይን ታኒን፣ በቂ አሲድና የበሰለ ፍሬ አንድ ላይ ያስፈልጉታል። አሲዱ ካነሰ ወይኑ ቶሎ ይዝላል። ፍሬው ከሳሳ ደግሞ ታኒኑ ሳይለሰልስ ጣዕሙ አልቆ ይቀራል፤ ደረቅ እንጨት መጠጣት ይሆናል።

እዚህ ላይ ልጅዎ ዕድለኛ ናት። በ2016 ቦርዶ ውስጥ እስከ ሰኔ አጋማሽ በብዛት ዘነበ፤ ከዚያ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ደረቅና ሞቃት ሆነ። ድርቁ ወይኑን ሊያስጨንቀው ሲል በመስከረም አጋማሽ ላይ ዝናብ ጣለ፤ ቀጥሎም ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ለቀማው እስከ ጥቅምት ተራዘመ። ሌሊቱ በመቀዝቀዙ አሲዱ ተጠበቀ፣ ጊዜው በመርዘሙ ታኒኑ በሰለ። በእኛ አቆጣጠር ፍሬው የተለቀመው ከእንቁጣጣሽ በኋላ በ2009 መሆኑን ግን ያስታውሱ። ሰው ስለ ወይን ዓመት ሲያወራ የፈረንጆቹን ነው፤ አገር ቤት የሚገዛልዎት ዘመድ ካለ "የ2008" ብለው እንዳያዙት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ልጅዎ በ2013 ተወልዳ ቢሆን ኖሮ፣ ብርድና ዝናብ አበባውን የጎዳበት ደካማ አዝመራ ስለሆነ፣ ከቦርዶ ሌላ ይፈልጉ እንል ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው። ቦርዶ ውስጥ ከጂሮንድ ወንዝ በስተግራ ያለው የሜዶክ መሬት ጠጠር ነው፤ ውሃ አይዝም፣ ሙቀት ይይዛል፣ ለካበርኔ ይስማማል። ሳንት ኤስቴፍ፣ ፖያክ፣ ሳን ጁሊያን፣ ማርጎ የሚባሉት መንደሮች እዚህ ናቸው። በዶርዶኝ ወንዝ በስተቀኝ ያሉት ፖምሮልና ሳንቴሚልዮን ሸክላና ኖራ ድንጋይ የበዛበት መሬት አላቸው፤ ሜርሎ ያመዝንባቸዋል፤ ባብዛኛው ቶሎ ይለሰልሳሉ። በ1855 ለፓሪሱ ዓውደ ርዕይ ተብሎ ደላሎቹ በጊዜው በነበረው የገበያ ዋጋ የሜዶክን እርሻዎች በአምስት ደረጃ ከፈሉ። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ከሜዶክ ውጭ ያለው ኦ ብሪዮን አንደኛ ሆኑ፤ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የዋናው ደረጃ አልተነካም። ስለዚህ "አምስተኛ ደረጃ" የሚለውን ሲያዩ አይናቁት፤ የ170 ዓመት የዋጋ ዝርዝር ነው። ፖያክ ያሉት ላንሽ ባዥና ግራን ፒዊ ላኮስት አምስተኛ ናቸው፤ ብዙ ሁለተኛዎችን ግን ያስከነዳሉ።

በ1,500 ዶላር አንድ ትልቅ ስም ያለው ጠርሙስ ገዝተው ማስቀመጥ ይቻላል። እኛ አንመክርዎትም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ያለው ሰው መቼ እንደሚከፍተው አያውቅም፤ ስለዚህ ሳይከፍተው ዘመኑ ያልፍበታል። የቡሽ ችግር ያለበት ጠርሙስም በየትኛውም ዋጋ ሊያጋጥም ይችላል፤ ልጅዎ 21 እስኪሞላት ጠብቀው የእርጥብ ካርቶን ሽታ ቢያገኙ ምትክ የለዎትም። ይልቅ ሁለት ዓይነት፣ ስድስት ስድስት ጠርሙስ ይግዙ። አንደኛው የ2016 ሌዎቪል ባርቶን፣ የሳን ጁሊያን ሁለተኛ ደረጃ። የባርቶን ቤተሰብ ከ1826 ጀምሮ ይዞታል፤ ዋጋውን ከጎረቤቶቹ ዝቅ አድርጎ በመሸጥ የታወቀ ነው፤ ታኒኑም ጠንካራ ስለሆነ 2037 ላይ በደህና ይደርሳል። በ130 ዶላር አካባቢ ቢያገኙት ስድስቱ 780 ይሆናል። ሁለተኛው ካንትሜርል ነው፤ የኦ ሜዶክ አምስተኛ ደረጃ፣ ቀለል ያለ፣ ቀድሞ የሚደርስ። በ55 ዶላር ስድስቱ 330። የሜሪላንድ የአልኮል ግብር 9 በመቶ ሲታከልበት ሁሉም 1,210 ዶላር ያህል ነው፤ የቀረው ወደ 290 ዶላር ለማስቀመጫ ይሆናል። ዋጋው ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ ዋይን ሰርቸር በሚባለው ድረ ገጽ ያነጻጽሩ። ከሁሉ የረከሰውን ግን አይሩጡበት። ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ይህ ጠርሙስ ከሻቶው (ከተጠመቀበት የወይን እርሻ) ከወጣ ጀምሮ የት ነበር? "መጋዘን" ብቻ ካለዎት መጋዘኑ ይቀዘቅዝ እንደሆነ ይጠይቁ። በበጋ የገዙት እንደሆነ እቃው በጭነት መኪና በሐምሌ ሙቀት እንዳይላክ፣ ጥቅምት ድረስ ያዙልኝ ይበሉ፤ ደህና ሻጭ ይህን በደስታ ያደርገዋል።

ማስቀመጫው ከወይኑ ምርጫ ይበልጣል። ኩሽና ያለው ቁም ሳጥን፣ ባለቤትዎ ይቅር ይበሉንና፣ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ የከፋው ቦታ ነው። ምድጃው በተለኮሰ ቁጥር ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ወይኑ ሲሞቅ ይሰፋና ቡሹን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና አየር ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ወይኑ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዝሎ፣ የተቀቀለ ፕሪም ሸትቶ፣ መጨረሻው አቼቶ ይሆናል። የሚፈለገው 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በፋራናይት 55። 16 ላይ ቢቆይ ቶሎ ከመድረሱ በቀር ችግር የለውም። ከ24 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሳምንታት ካሳለፈ ግን ይስጉ።

ምድር ቤት ካለዎት ከመግዛትዎ በፊት ይለኩት። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ወለሉ አጠገብ፣ ከቦይለሩና ከልብስ ማጠቢያው ርቆ አንድ በጋ ሙሉ ይቀመጥ። በክረምት 13፣ በበጋ 19 ሆኖ ቀስ ብሎ ቢወጣና ቢወርድ እስከ 2037 ይበቃዎታል፤ ማሽን አያስፈልግም። በአንድ ቀን ውስጥ አምስት ዲግሪ የሚዘል ከሆነ ግን አይሆንም። የወይን ፍሪጅ ሲገዙ ኮምፕሬሰር ያለውን ይምረጡ። በቴርሞኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጸጥ ያሉና ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ማውረድ የሚችሉት ከክፍሉ ሙቀት 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሐምሌ ላይ ጋራዥ ውስጥ ከቆሙ ይሸነፋሉ። ፍሪጁ እስከ 2037 ላይደርስ ይችላል፤ መካከል ላይ አንዴ እንደሚቀይሩት አስበው ያስቀምጡ። የመብራት መቋረጥ ግን ብዙ አያስጨንቅዎት፤ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ አንድ ቀን ምንም አይሆንም። በካርቶን በወር ጥቂት ዶላር የሚያስከፍሉ የወይን መጋዘኖችም አሉ፤ ዕድሜያቸው ሙሉ እዚያ ያደሩ ጠርሙሶች ማስረጃ ስላላቸው ኋላ ለመሸጥም ይቀላሉ። የተለመደው የኩሽና ፍሪጅ ለሳምንታት እንጂ ለዓመታት አይሆንም፤ በጣም ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፣ ቡሹ ይጨማደዳል።

ጠርሙሱ ይተኛ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። መለያ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ሳያነሱት ያነቡታል፣ አተላውም በተቃራኒው በኩል ይሰበሰባል። እርጥበቱ ከ60 እስከ 75 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ቢበልጥ ወረቀቱ ይሻግታል እንጂ ወይኑ አይነካም፤ ወረቀቱን በስስ ፕላስቲክ መጠቅለል ይቻላል። ጨለማ ይሁን። "እንዳይረጋ" እያሉ በየወሩ የሚያገላብጡ ሰዎች አሉ፤ እባክዎ አይንኩት።

እናትዎ ቤት የሚለው ሐሳብ ከሩቅ ሲታይ ያምራል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አማካይ ሙቀቷ ለወይን ደግ ነው። ነገር ግን የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ሰፊ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል እርስዎም ያውቁታል። ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ መስኮት አልባ ምድር ቤት ካልሆነ አይሆንም። መንገዱም አለ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ አስፋልት ላይ በፀሐይ የቆመ ሻንጣ የዓመታት ጥንቃቄን ያጠፋል። በዓሉ አዲስ አበባ የሚከበር ከሆነ ያኔ ይዘውት ይሂዱ፤ ከበዓሉ ሦስትና አራት ሳምንት ቀድሞ ይድረስ፣ አተላው እስኪረጋ ይረፍ።

የ1982ውን ላፊት በ800 ዶላር አይግዙ። የዚያ አዝመራ ላፊት በጨረታ የሚሸጠው በብዙ ሺህ ዶላር ነው። በሩብ ዋጋ የሚቀርብ ከሆነ ወይ ሐሰተኛ ነው፣ ወይ በሙቀት የተበላሸ ነው፣ ወይ የተሰረቀ ነው። ይህ ተራ ጥርጣሬ አይደለም። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ በሚገኘው ቤቱ ርካሽ ወይን እየደባለቀ፣ መለያ እየለጠፈ ለባለጠጎች ሲሸጥ ኖሮ በ2012 ተያዘ፤ በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ነገሩ የተነቃበት አንዱ ምክንያት የቡርጎኙ ጠማቂ ሎራን ፖንሶ ነበር፤ በ2008 በኒውዮርክ ጨረታ ላይ የቤተሰቡ ስም ያለበት የ1945 ክሎ ሳን ደኒ ሲቀርብ አየ፤ ቤተሰቡ ግን ያንን ወይን መጥመቅ የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ሌላ ያረጀ ጠርሙስ ሲያጋጥምዎት የወይኑን ከፍታ ይመልከቱ። የቦርዶ ጠርሙስ ትከሻ ስላለው ይቀላል፤ የ20 ዓመት ወይን አንገቱ ውስጥ ሊሆን ይገባል፣ የ40 ዓመት እስከ ትከሻው አናት ቢወርድ ያስኬዳል፣ ትከሻው አጋማሽ ከደረሰ አየር ገብቶበታል። ቡሹ ከአንገቱ ወጣ ብሎ ካበጠ፣ ወይም ከቆርኪው ሥር የደረቀ የወይን ፈሳሽ ካለ፣ ሙቀት አግኝቶታል። የግዢ ደረሰኝ የሌለውን በማንም ምስክርነት አይመኑ።

አሥራ ሁለቱን ጠርሙስ እንዴት ይጠጡ? ካንትሜርሉን አሁን አንድ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ይክፈቱ፤ ማስቀመጫዎ እየሠራ መሆኑን የሚያውቁት በዚህ ነው። ቀለሙ ቶሎ ቡናማ ከሆነና ጣዕሙ ከዛለ ቦታውን ይቀይሩ፣ ሌዎቪሉ ገና ሳይጎዳ። ከሌዎቪል ባርቶን የመጀመሪያውን በ2030፣ ሁለተኛውን በ2034 ይቅመሱ፤ አራቱ ለግንቦት 2037 ይቆዩ።

ያን ጊዜ ጠርሙሱን ከሁለት ቀን በፊት ያቁሙት፣ አተላው ከሥር እንዲሰበሰብ። የሚቀርብበት ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። "በክፍል ሙቀት" የሚለው አባባል ማሞቂያ ከሌለው የድሮ አውሮፓ ቤት የመጣ ነው፤ 23 ዲግሪ ያለው የአሜሪካ ሳሎን አልኮሉን ብቻ ያሸትትዎታል። ያረጀ ቡሽ በተለመደው ጠመዝማዛ መክፈቻ ይፈረፈራል። ሁለት ስስ ምላስ ያለውን መክፈቻ በቡሹና በጠርሙሱ መካከል እያወዛወዙ ያስገቡና እያዞሩ ያውጡት። ቀጥሎ ከጠርሙሱ አንገት ሥር መብራት አድርገው በአንድ ቅዳት፣ ሳያቋርጡ ወደ ዲካንተር (ወይን የሚገለበጥበት ሰፊ የመስታወት ዕቃ) ይቅዱ፤ ጥቁር ጭረት መሰል አተላ አንገቱ ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ግማሽ ብርጭቆ ያህል ይቀራል፤ አይሳሱ። ወዲያው ይቅመሱት፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ። የዚህ ዕድሜ ሌዎቪል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ ከጠዋት ከፍተው እስከ ማታ ካቆዩት መዓዛው ይበናል። የእርጥብ ካርቶን ሽታ ካለው አይጠብቁት፤ ይህ ሽታ ከጊዜ ጋር ይብሳል እንጂ አይለቅም፣ ሁለተኛውን ይክፈቱ። ሌላ ዓይነት የታፈነ ሽታ ከሆነ ግን ባብዛኛው በሃያ ደቂቃ ይጠፋል።

የቀረው የባለቤትዎ ወንድም ነገር ነው። ወይን ኪራይም ወለድም አይከፍልም፤ መጋዘኑ ግን በየወሩ ያስከፍላል። ገና በርሜል እያለ ቀድሞ ከተሸጠው ቦርዶ ውስጥ ከዓመታት በኋላ ከመጀመሪያው ዋጋ በታች የተገኘ ብዙ አለ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ያለ ፈቃድ ጠርሙስ መሸጥ አይፈቀድም፤ በጨረታ ቤት ወይም ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል መሄድ አለብዎት፣ እነሱም ድርሻቸውን ይቆርጣሉ። ጨረታ ቤቶች የሚፈልጉት በእንጨት ሳጥኑ ያለ፣ ታሪኩ በወረቀት የተመዘገበ፣ ስሙ የገነነ ወይን ነው፤ ስድስት ጠርሙስ ካንትሜርል አይቀበሉዎትም። እሱ ከፈለገ በራሱ ገንዘብ ይሞክረው።